የክቡ ቤት ይግባኝ

በዚህ አገር "አይቻልም" ከሚለው ቃል የበለጠ ሰው የጠቀመ ቃል ያለ አይመስለኝም። አዎ፣ አውቃለሁ... ቢሮ ለቢሮ ተመላልሳችሁ ጫማ የጨረሳችሁ ሰዎች ስለሆናችሁ አሁን ጋዜጣውን ልታጥፉት ነው። ቆዩኝ። እስቲ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉና መልሱልኝ፤ ለዘመድ "እኔማ ደስ ባለኝ፣ መንግሥት ከለከለ እንጂ" ብላችሁ አታውቁም? ለድንኳን የተጠየቃችሁትን ግቢ ላለመስጠት፣ የአጎት ልጅ መሥሪያ ቤት ላለማስገባት፣ ለአማት አንድ ክፍል ላለመጨመር... ቢሮ የሚባል ነገር ባይኖር ስንቶቻችን ከስንት ዘመድ ጋር ተጣልተን እንቀር እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ለማይሆንለት ሰው፣ እምቢ የሚልለት ቢሮ ትልቅ በረከት ነው። እኔም በዚህ በረከት ስጠቀም ኖሬ ነው የተያዝኩት።

የማወራላችሁ ነገር የሆነው ከወልቂጤና ከቡታጅራ በአንዷ ነው። በየትኛዋ እንደምኖር አልናገርም፤ ቢሮው ውስጥ ገና ያላለቀ ጉዳይ አለኝ።

አባቴ የሚኖረው ጉንችሬ አካባቢ ነበር። በጉልምስናው ጊዜ ቤት ሠሪ ነበር። ቤት ስል የእኛን የጉራጌን ቤት ማለቴ ነው፤ ክቡን፣ መሐሉ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ የቆመበትን፣ ጣሪያው በሣር የተከደነውን። በዚያ አካባቢ ካሉት ቤቶች ግማሾቹ የእሱ የእጅ ሥራ ናቸው እየተባለ ይወራል። ወሬውን የሚያወራው ራሱ ቢሆንም፣ ሐሰት ነው ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እናታችን ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነበር። ልጆቹ መስቀልን አብረነው አክብረን ወደየከተማችን በተመለስን በሳምንቱ፣ ከእንሰቱ ጓሮ ሲመለስ አዳልጦት ወደቀና ጉልበቱ ተጎዳ። ጎረቤት እስኪያገኘው ድረስ ብዙ ሰዓት መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ በስልክ ተማከሩ። ለጤና ጣቢያ የሚቀርበው የእኔ ቤት ስለሆነ አባዬ እኔ ዘንድ ይኑር ተባለ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ውሸቱ ወደ ኋላ ነው የሚመጣው።

አባዬ ለመምጣት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማዕዘን ያለበት ቤት ውስጥ አልኖርም አለ። ብርድ የሚያድረው ማዕዘን ላይ ነው፣ ቁንጫም የሚያድረው ማዕዘን ላይ ነው፣ ኩርፊያም እንደዚያው። ጓሮህ ውስጥ ክብ ቤት እሠራለሁ፤ እንጨቱንና ሣሩን ከአገር አመጣለሁ፣ ሠሪዎቹን እኔው እመርጣለሁ፣ አንተ መሬቱን ብቻ ስጠኝ አለኝ። እኔም አፌ እንደለመደው "ምን ችግር አለው አባዬ" አልኩት። ካፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔም ቃል እዚያው አፋፍ ላይ ወጥታ ቁጭ አለች።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ሰፈራችን ያደገ ሰፈር ነው። በቀኝ በኩል ያለው ጎረቤቴ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ባለ ሁለት ፎቅ ሠርቷል። በግራ ያለው ደግሞ የእሱን አይቶ ባለ ሦስት ጀምሯል። በመሐል ያለሁት እኔ፣ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መምህር፣ ቤቴ ባይጨምርም እንዳይቀንስ እየታገልኩ ነው። በእነዚያ መሐል የሣር ቤት ሳቆም ታየኝ። "ቲቸር ወደ ኋላ ተመለሰ" ሲሉኝ ተሰማኝ። ደግሞም ያ የጓሮ ቦታ በሐሳቤ የመኪና ማቆሚያ ነበር። መኪና የለኝም። ግን የሌለችኝን መኪና የማቆምበትን ቦታ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት እየወጣሁ ሳየው ኖሬያለሁ። አንዳንዴ በሐሳቤ ወደ ኋላ እየነዳሁ ሳስገባት ግንቡን እንዳልነካ እጠነቀቅ ነበር።

ባለቤቴ ወይንሸት ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰችው። ካልፈለግህ እውነቱን ንገረው፣ አባትህ ነው አለችኝ። እኔ ግን የአንድ ሽማግሌ ልብ በገዛ እጄ ልስበር? ለዚህ ለዚህ ማዘጋጃ ቤት አለ አይደል? የከተማው ፕላን በሰፈራችን የሣር ጣሪያ እንደማያውቅ አውቅ ነበር። ስለዚህ በሥርዓቱ አመለክታለሁ፣ በሥርዓቱ እከለከላለሁ፣ ከዚያም ከአባዬ ጋር ቁጭ ብዬ በሥርዓቱ አዝናለሁ። ወይንሸት ይህን ስትሰማ ራሷን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ፕላን የሚነድፍ ሰው ፈልጌ አሠራሁ። ሰውየው ደንቡ የቤቱን የፊት፣ የኋላ፣ የቀኝና የግራ ገጽታ ለየብቻ ይጠይቃል ብሎ አራት ሥዕል ሠራ። የክብ ቤት ቀኙና ግራው ምን ልዩነት አለው? አራቱም አንድ ዓይነት እንጉዳይ ሆነው ወጡ፤ አንዱ እንጉዳይ ብቻ በር አለው።

ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ መስፍን የሚባል፣ ሥራውን የሚወድ ወጣት ነው። ሥዕሎቹን እያገላበጠ፣ አንዱ በስሕተት ተባዝቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አለመሆኑን ሳስረዳው ቅጹን መሙላት ጀመረ። ርዝመት ይላል፤ ቤቱ ርዝመት የለውም። ወርድ ይላል፤ ወርድም የለውም። የጣሪያ ዓይነት በሚለው ቦታ ቆርቆሮ፣ ሸክላና ኮንክሪት ብቻ ነው የተዘረዘሩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና በጣም እንዳዘነ፣ ግን እንደማይቻል ነገረኝ። እኔ ብድግ ብዬ እጁን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ከልክሎት የሚያመሰግነው ሰው ገጥሞት አያውቅ ይሆናል፣ በሩን እስክዘጋ ድረስ በጥርጣሬ ሲያየኝ ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ የክልከላውን ደብዳቤ ይዤ በሚኒባስ ወደ ጉንችሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ፊቴን ሳስተካክል ነበር። ማዘኔ እንዲታይ፣ ግን እንዳይበዛ... አጠገቤ የተቀመጡ እናት አይተው አይተው፣ የሞተብህ ማን ነው ልጄ ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ፊቴ እንደተስተካከለ አወቅኩ።

አባዬ ማንበብ የተማረው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። እንደዚያ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ የጀመረውን ወረቀት ሳይጨርስ አይለቅም። እኛ የተማርን ነን የምንለው ከላይ ርዕሱን፣ ከታች ማኅተሙን አይተን የምናጥፈውን ደብዳቤ፣ እሱ በጣቱ እየተከተለ ፊደል በፊደል አነበበው። ከማኅተሙ በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች። እኔ ልብ አላልኳትም። በዚህ ውሳኔ ቅር ከተሰኙ በአሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ ማመልከት ይችላሉ ትላለች።

አባዬ መነጽሩን አወለቀ።

"ቅር ተሰኝተሃል?" አለኝ።

"በጣም እንጂ" አልኩት። ምን ልበል?

"እንግዲያው ጻፍ።"

ስለዚያች መስመር ትንሽ ልንገራችሁ። በድሮው አሠራር ግንባታ ተከልክላችሁ ቅር ካላችሁ፣ ቅሬታችሁን የምታቀርቡት ለዚያው ለከለከላችሁ ሰው ነበር። እሱም ተቀብሎ፣ ጊዜ ወስዶ መርምሮ፣ ራሱን ትክክል ሆኖ ያገኘዋል። ወይም ወረቀታችሁ ፋይል ውስጥ ገብታ ከእናንተ ጋር ታረጃለች። ይህን አሠራር ስንረግመው ነው የኖርነው። እኔ ራሴ ስለ ይግባኝ መብት ባስተማርኩ ቁጥር በምሳሌነት እያነሣሁ እረግመው ነበር። ለካ ተሻሽሎ ኖሯል። አሁን የሚሰሙት ከቢሮው ውጪ የሆኑ ሦስት ሰዎች ናቸው። ክልከላው ከነምክንያቱ ተጽፎ ይሰጣል፤ ጉባኤው ግቢ ድረስ መጥቶ በዓይኑ ያያል፤ በሃያ የሥራ ቀናትም ይወስናል። የለመንነው ሁሉ ተሰጥቶናል። ልመናችን ሲሰማ ግን እኔ በተሳሳተው ወገን ቆሜ ተገኘሁ።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጥኩም። ይግባኝ መጻፍ ሌላ፣ ይግባኝ ማሸነፍ ሌላ። "ውሳኔው ቅር ስላሰኘኝ እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ" ብዬ አንድ መስመር ጻፍኩና አስገባሁ። እንዲህ ያለ ይግባኝ በድሮ ጊዜ በዕለቱ ይሞት ነበር። በአዲሱ አሠራር ግን ሰው መጻፍ ባለማወቁ መብቱን እንዳያጣ ተብሎ የምታግዝ ሠራተኛ ተቀምጣለች። ሴትዮዋ መስመሬን አነበበችና አዘነችልኝ። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፤ አንድ በአንድ እየጠየቀች ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈችልኝ። የአዛውንቱን ጉልበት አነሣች፣ የአባቶችን ጥበብ አነሣች፣ ልጅ ወላጁን የመጦር ግዴታ እንዳለበትና ቅጽ ጠበበ ተብሎ ይህ ግዴታ እንደማይቀር አነሣች። ሳነበው እንባዬ መጣ። ምን ዋጋ አለው፣ ግሩም ይግባኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይግባኙን ላነሣው ተመልሼ ሄድኩ። ማንሣት ይቻላል፤ ቅጽ አለው። ቅጹ ላይ ግን "ይግባኝዎን እንዲያነሱ ጫና ያሳደረብዎት ማን ነው?" የሚል ጥያቄ አለ። ያቺው ደግ ሴትዮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አይፍሩ ቲቸር፣ ስሙን ብቻ ይጻፉ፣ ከጎንዎ ነን አለችኝ። የራሴን ስም ልጽፍ ነው? ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ አባዬ እኛ ዘንድ መጣ። ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተጠግቶ ፍራሽ አነጠፍንለት። ጠዋት ስንነሣ ፍራሹን ጎትቶ ሳሎኑ መሐል አድርጎታል። ለካ በእርምጃ እየለካ ከአራቱም ማዕዘን እኩል አርቆታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ ዙሪያውን ሆኑ፤ እኛም ከመኝታ ቤት ወደ ማድ ቤት ለመሄድ እሱን ስንዞር እንውል ጀመር። ወይንሸት አንድ ቀን ሻይ ይዛ ስትዞር፣ ክቡ ቤት እኮ ተሠርቶ አልቋል፣ የቀረው ጣሪያው ነው አለችኝ።

የከበደኝ ግን መዞሩ አልነበረም። አባዬ ሊጠይቀው ለሚመጣው ሰው ሁሉ ስለ እኔ ያወራ ነበር። ይሄ ልጄ ለእኔ ብሎ ከመንግሥት ጋር ተሟገተ ይላል። የአንዱን ልጅ፣ የሌላውን ልጅ ያነሣና፣ እነሱ ለአባታቸው ገንዘብ ላኩ እንጂ ማን ችሎት ቆመላቸው ይላል። ጎረቤት ይመርቀኛል፣ እኔ አንገቴን እሰብራለሁ፣ ትሕትና ይመስላቸውና ይጨምሩልኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ስንቅ ግን እያደር ከበደኝ።

ጉባኤው አንድ ረቡዕ ጠዋት ግቢያችን መጣ። አንዱ የሕግ ባለሙያ ነው፤ ሁለተኛው በሰፈራችን የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰብሳቢዋ ደግሞ ኢንጂነር ነኢማ ትባላለች። አድልዎ እንዳይኖር ሰብሳቢ ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው። እኔ ወልቂጤ ከሆንኩ ከቡታጅራ፣ ቡታጅራ ከሆንኩ ከወልቂጤ መጥታለች ማለት ነው። ይሁን እንጂ ነኢማ ከዓመታት በፊት የእኔ ተማሪ ነበረች። ከፊት ወንበር ተቀምጣ "ቲቸር፣ ይሄ ነገር በተግባር ይሠራል?" እያለች መውጫ ታሳጣኝ የነበረች ልጅ። ስታየኝ ፈገግ አለች። ሥራዋን ከመጀመሯ በፊትም እኚህ ሰው አስተማሪዬ ነበሩ፣ በዚህ የተነሣ እኔን የሚቃወም አለ ብላ ጠየቀች። ክልከላውን ሊያስረዳ አብሯቸው የመጣው መስፍን፣ "የለም" አለ። እኔ ልቃወም ከጅሎኝ ነበር፣ ምክንያት አጣሁ።

መስፍን የከለከለበትን በትሕትና አስረዳ። ቅጹ ክብ ቤት አያውቅም፣ ሣርም እሳት ይይዛል አለ። ነኢማ ወደ አባዬ ዞረችና፣ አባባ፣ እስቲ እርስዎ ያስረዱን አለችው። አባዬ ከኮት ኪሱ ገመድ አወጣ። ጓሮው መሐል ችካል ተከለ፣ ገመዱን አሰረበት፣ ሌላውን ጫፍ ከበትሩ ጋር ይዞ መሬቱን እየጫረ ዞረ። ጉልበቱ እንደሚያመው ያስታውቃል። ላግዘው ስጠጋ በክርኑ ገፋ አደረገኝ። ክቡ ሲገጥም ቀና አለና መስፍንን ተመለከተው።

"ርዝመቱ ይኸው፣ ከዚህ እዚያ ድረስ ነው። ወርዱም ያው ነው። ሁለቱም ቦታ አንድ ቁጥር ጻፍ።"

መስፍን አቀርቅሮ ጻፈ። የቀረውን አባዬ ረጋ ብሎ ነገራቸው። ነፋስ ማዕዘን ሲያጣ እንዴት ዞሮ እንደሚያልፍ፣ ሣሩ ምን ያህል ቢወፍር ዝናብ እንደማያስገባ፣ እሳት ቢነሣ ወደ ጎረቤት እንዳይዘል ቤቱ ከግንቡ ስንት እርምጃ መራቅ እንዳለበት። እርምጃውን ራሱ ሄዶ አሳየ። የሕግ ባለሙያው ሳይቀር ተከትሎት ሄደ። ባለ ሰማያዊ መስታወቱ ጎረቤቴ ከመስኮቱ ሆኖ ያያል። እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ የሸሸሁት እንዲህ መታየቱን ነበር፤ ነገር ግን ቆሜ ሳየው አባቴ ከሁላችንም የተሻለ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ብቻ ነው የታየኝ።

ነኢማ ወረቀቷን ገለጠች። ደንቡ ይግባኝ ባዩን በራሱ አንደበት መስማት ያዛል አለችና ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ ይህ ቤት እንዲሠራ እርስዎ ይፈልጋሉ?"

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ናት። አባዬ ክቡ መሐል ቆሞ ገመዱን ይጠቀልላል፤ ቀና ብሎም አላየኝም፣ መልሴን ስለሚያውቀው። ይህችን ልጅ ዜጋ በጉባኤ ፊት ሲጠየቅ እውነቱን ይናገራል እያልኩ ነው ያስተማርኳት። ፈተና ላይ ሁሉ አምጥቼባታለሁ፤ አግኝታዋለች።

"አልፈልግም ነበር" አልኩ። "ያመለከትኩት እንዲከለከል ብዬ ነው።"

አንዴ ከተጀመረ ወዲያ ሁሉንም ተናገርኩ። በሣር ቤት ማፈሬን፣ ከጎረቤቶቼ ፎቅ መሐል መሳቂያ እሆናለሁ ብዬ መፍራቴን፣ መኪናዋን ሳይቀር። ሽማግሌው የምን መኪና ነው ብለው ጠየቁ። ወደፊት የምገዛት አልኩ። ይኸው ቃሌ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፈረ።

አባዬ ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰና ኪሱ ከተተው። ከክቡ ወጥቶ የበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። ቢቆጣኝ፣ ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

የሕግ ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገና፣ ይግባኝ ባዩ በውሳኔው ቅር ካልተሰኘ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም፣ መዝገቡ ይዘጋ አለ። ልክ ነው። እኔም ለሁለት ሳምንት የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። ሲሰጠኝ ግን አልፈለግኩትም።

ነኢማ መዝገቡን ከመዝጋቷ በፊት የተሻሻለው ደንብ ላይ አንድ ነገር አነበበች። ድሮ ይግባኝ ማለት የሚችለው ያመለከተው ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ውሳኔው ኑሮውን በቀጥታ የሚነካበት ሰው ሁሉ በራሱ ስም ይግባኝ ማለት ይችላል። ጊዜውም ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል። ታዲያ እዚህ ግቢ ውስጥ ቅር የተሰኘ ሰው የለም ወይ ብላ ጠየቀች።

"እኔ ቅር ተሰኝቻለሁ" አለ አባዬ ከደረጃው ላይ።

የሕግ ባለሙያው ለመዝገቡ እንዲመች ይመስለኛል፣ "በውሳኔው ነው?" አለው።

"በውሳኔውም።"

አባዬ ስሙን በዚያ በመሠረተ ትምህርት እጁ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያቆመ ጻፈ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ቤቱ የሚያርፈው በሰው ይዞታ ላይ ስለሆነ የባለይዞታው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለይዞታው እኔ ነኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እዚህ ላይ የሚከለክልልኝ ቢሮ አልነበረም። እምቢ ካልኩ፣ እምቢ የምለው እኔ በገዛ አፌ ነው። ወይንሸት እስክሪብቶ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ፈረምኩ። ስለ ባህልና ስለ ቅርስ አስቤ እንዳይመስላችሁ። አባዬ ያን ገመድ ጠቅልሎ ኪሱ ሲከተው አይቼ ነው።

ሦስት ቀን አላናገረኝም። ማለቴ... በወይንሸት በኩል ያናግረኝ ነበር። አብረን ማዕድ ቀርበን፣ ለባልሽ ንገሪው ጨው ያቀብለኝ ይላታል። እሷም ሰምተሃል ትለኛለች። ጨው የማያስፈልገው ምግብ ላይ እንኳ ጨው አስጠይቆኛል። በአራተኛው ቀን ጓሮ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ መጣና፣ ሲዘንብ ውሃው በየት በኩል ነው የሚፈሰው ብሎ በቀጥታ ጠየቀኝ። ደስታዬ ሌላ ነው። አባዬ ይቅር በለኝ፣ እኔ እኮ ብዬ ጀመርኩ።

"ውሃውን ነው የጠየቅኩህ" አለኝ።

ውሃው የሚፈስበትን አሳየሁት። እስከ ግንቡ ድረስ አብረን ሄድን። መመለሻው ላይ ደረጃውን ሲወጣ ትከሻዬን ያዘ፤ ይቅርታው ይህ መሆኑን ወይንሸት ናት ያስረዳችኝ።

የጉባኤው ውሳኔ ሃያው ቀን ሳይሞላ መጣ። ተፈቅዷል። ከጎረቤት ግንብ አባዬ በእርምጃው ያሳየው ያህል እንዲርቅ፣ ዙሪያውን ቦይ እንዲቆፈርለት፣ እሳት ማጥፊያም ውስጡ እንዲሰቀል ታዟል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ? ደረሰ፣ ጓሮዬንም ወረሰ።

እንጨቱና ሣሩ ከጉንችሬ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ አባዬ የመረጣቸው ሰዎችም አብረው መጡ። ከእሱ የሚያንሱት በጥቂት ዓመት ነው፤ ሲሠሩ ግን እኔን ያስንቁኛል። አባዬ ወንበር ላይ ሆኖ በበትሩ እየጠቆመ ያዛል። የፈራሁት የሰፈር ሰው እንደፈራሁት ወጣ። ባለ ሰማያዊ መስታወቱ ጎረቤቴ በመጀመሪያው ቀን ከፎቁ አየ፣ በሁለተኛው ቀን ወረደ፣ በሦስተኛው ቀን እጅጌውን ሰብስቦ ሣር ሲያቀብል ነበር። ለካ ልጅ ሆኖ ያደገው እንደዚሁ ባለ ቤት ውስጥ ነው፤ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ያፈርኩት ከማን ፊት እንደነበር ግራ ገባኝ። ቤቱ ባለቀ በወሩ "የአባቴ ቤት" ማለቴን ትቼ "ቤታችን" ማለት ጀመርኩ። ወይንሸት በሰማች ቁጥር፣ መኪናዋስ የት ልትቆም ነው ትለኛለች። እሳት ማጥፊያው ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ አባዬ ባርኔጣውን ያንጠለጥልበታል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መስፍን መጣ። ሊቆጣጠር የመጣ መስሎኝ ባርኔጣውን ላነሣ ሮጥኩ። እሱ ግን ፋይል አልያዘም። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ከዚያ ስለ ራሱ አባት አወራ። አረቅጥ ነው የሚኖሩት፤ ደጋው እየበረደባቸው ነው፣ ከተማ ኑ ሲባሉ ግን እምቢ ይላሉ። ምናልባት እንዲህ ያለ ቤት ቢሠራላቸው... አባባ፣ ይሠሩልኛል ወይ ብሎ ጠየቀ።

አባዬ ደስ አለው። ግን ተንኮለኛ ነውና፣ መንግሥት ይፈቅድልሃል ወይ ብሎ ጠየቀው።

መስፍን ፈገግ አለ። ቅጹ እንዳልተቀየረ ነገረን፤ ጉባኤው የፈቀደው ለዚህ ለአንዱ ቤት ብቻ ነው፣ ቅጹ ዛሬም ርዝመትና ወርድ፣ ቆርቆሮና ሸክላ ይላል።

"ማመልከቻዬ የሚቀርበው ለራሴ ነው" አለ። "ቅጹ ስለማይፈቅድ ራሴን እከለክላለሁ። በማግስቱ ይግባኝ እላለሁ።"

አባዬ ሳቀ። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

"ከዚህ ልጅ ተማር" አለኝ። "እምቢ የሚለውም ራሱ ነው፣ ይግባኝ የሚለውም ራሱ ነው። አንተ ግን ለአባትህ አንዲት እምቢታ ለማለት ማኅተም አስፈለገህ።"